ትልቁ መጽሐፍ መደብር የትንሹን ሙያ ሲማር

«ዩቭ ጎት ሜይል» የሚለውን ፊልም ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሜግ ራያን ከእናቷ የወረሰቻት ትንሽ የሕፃናት መጻሕፍት መሸጫ አለቻት። ቶም ሃንክስ ደግሞ እዚያው ሰፈር ውስጥ ቡና የሚጠጣበት፣ ሶፋ ያለው፣ ዋጋ የሚሰብር ግዙፍ መደብር ይከፍታል። ትንሿ ሱቅ ትዘጋለች። ሴትዮዋም ሱቋን ያዘጋባትን ሰውዬ ታፈቅራለች። ፊልሙ የወጣው በ1998 ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መጻሕፍት ሻጮች ማኅበር ባርነስ ኤንድ ኖብልንና ቦርደርስን ፍርድ ቤት አቁሟቸው ነበር። እዚያ ፍቅር የሚባል ነገር አልነበረም።

የክሱ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። አሳታሚዎች ለሁለቱ ግዙፎች በጓዳ የተለየ ቅናሽ እየሰጡ ነው፣ ትንንሾቹ ግን ያንኑ መጽሐፍ በውድ ይገዛሉ የሚል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ለተፎካካሪ ነጋዴዎች አንድን ዕቃ በተለያየ ዋጋ እየሸጡ ማዳላትን የሚገድብ ሕግ ከ1936 ጀምሮ አለ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛው የምቆጥርበት ቦታ ላይ «ዓ.ም.» እላለሁ።) ጉዳዩ በ2001 በስምምነት አለቀ፣ ሁለቱ ኩባንያዎችም 4.7 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። ለእነሱ የኪስ ገንዘብ ነው።

በብዛት የገዛ በርካሽ ይገዛል፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፣ መርካቶ መሄድ ይበቃል። መጽሐፍ ግን ከቲማቲም የሚለይበት ነገር አለ። ቲማቲም ይመረጣል፤ የአንዱ ሱቅ ከሌላው ይሻላል። አንድ ልቦለድ ግን ከየትም ግዙት ከፊደል እስከ ነጥቡ ያው ነው። ስለዚህ ውድድሩ ዋጋ ላይ ብቻ ከሆነ ትንሹ ሱቅ ገና ሳይጀምር ተሸንፏል። እሱ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ መምረጥን። «ይሄን ወደድከው? እንግዲያው ይቺን እያት» የሚለውን። ችግሩ ይሄ አገልግሎት ደረሰኝ የለውም። ምክሩን ሰምታችሁ፣ አመስግናችሁ ወጥታችሁ፣ መጽሐፉን ዋጋ ከሰበረው ዘንድ ብትገዙ ማን ይይዛችኋል?

ትልልቆቹን መርገም ደግሞ ቀላል ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዓይነት መጽሐፍ ይዘው፣ እስከ ምሽት ክፍት ሆነው፣ ሳይገዙ ቁጭ ብሎ ማንበብን የፈቀዱት እነሱ ናቸው። በየሰፈሩ ያለ ትንሽ መጽሐፍ ቤት ሁሉ ደግሞ እንደ ሜግ ራያን ፈገግ አይልም። ገና ከበር «ምን ልታዘዝ?» ብሎ የሚያፈጥ ባለ ሱቅ ያጋጠመኝ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም።

ግን የትልልቆቹ አሠራር ውስጥ አንድ የተደበቀ ነገር ነበር። ከ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጀምሮ በአሜሪካ የመጽሐፍ ንግድ ያልተሸጠ መጽሐፍ ለአሳታሚው ይመለሳል። ይህ ማለት ትልቅ መደብር እንደ ተራራ ሊያዝ፣ ሊከምርና፣ ካልሄደለት ጭኖ ሊመልስ ይችላል። በዚያ ላይ በር ስትገቡ ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ የተደረደረው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አሳታሚው የከፈለበት ነው። ሰው አንብቦ የመረጠላችሁ ይመስላችኋል እንጂ የጠረጴዛ ኪራይ ነው። በየከተማው ያለው ቅርንጫፍ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነውም ለዚህ ነው፤ ምርጫው የሚደረገው ዋና መሥሪያ ቤት ነዋ።

ቦርደርስን እንይ። በ1971 አን አርበር በምትባል የሚሺገን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች የከፈቱት አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበር። አዎ፣ ቦርደርስ ራሱ ሲጀምር ትንሽ ነው። በ1992 ኬማርት የተባለው የችርቻሮ ኩባንያ ገዛው፤ ከዚያ መደብር በመደብር ላይ ሆነ። በ2001 የኢንተርኔት ሽያጩን ለሌላ ድርጅት አስረከበ። ለማን? ለአማዞን! ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያየው በግን ለጅብ አደራ እንደመስጠት ነው፤ ያኔ ግን ወጪ መቆጠብ ይባል ነበር። በየካቲት 2011 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፣ በዚያው ዓመት የቀሩት 400 ገደማ መደብሮች ተዘጉ፣ ከ10 ሺህ በላይ ሠራተኛ ተበተነ። የሚገርመው በዚያው ሰሞን ለዓመታት ሲያሽቆለቁል የኖረው የነፃ መጽሐፍ ቤቶች ቁጥር እንደገና ማንሰራራት ጀምሮ ነበር። በ1990ዎቹ የተዘጉት ግን ተመልሰው አልተከፈቱም፤ የተከፈቱት ሌሎች ናቸው።

እንግሊዝ ውስጥ የሆነው ደግሞ ለኢኮኖሚክስ ክፍል የተሠራ ምሳሌ ይመስላል። ከ1900 ጀምሮ አሳታሚው ከወሰነው ዋጋ በታች መሸጥን የሚከለክል ስምምነት ነበር። በ1995 ፈረሰ። በ2007 የመጨረሻው «ሃሪ ፖተር» ሲወጣ የተተመነለት ዋጋ 17.99 ፓውንድ ነበር፤ አዝዳ የተባለው ሱፐርማርኬት በ5 ፓውንድ ሸጠው። በኪሳራ ማለት ነው። ምን ቸገረው? መጽሐፉን ሊገዛ የመጣ ሰው ወተትና ዳቦውንም ይዞ ይሄዳል። አንዳንድ ትንንሽ መጽሐፍ ቤቶች ከጅምላ አከፋፋይ ከማዘዝ ይልቅ ሱፐርማርኬት ሄደው እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተሰልፈው ገዝተው መሸጥ ረከሰላቸው። ንግዱ እዚህ ደርሶ ነበር።

ፈረንሳዮች ይህንን ቀድመው አይተውታል። ፍናክ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ መጽሐፍ በ20 በመቶ ቅናሽ መሸጥ ሲጀምር ትንንሾቹ ጮኹ። በ1981 በባህል ሚኒስትሩ በዣክ ላንግ ስም የሚጠራ ሕግ ወጣ። ዋጋውን አሳታሚው ይወስናል፣ ቸርቻሪው ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ አይችልም። አማዞን ሲመጣ ቅናሹን በነፃ መላኪያ አደረገው። በነፃ መላክ ሲከለከል 1 ሳንቲም ማስከፈል ጀመረ! በመጨረሻ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ከ35 ዩሮ በታች ለሆነ የመጽሐፍ ትዕዛዝ ቢያንስ 3 ዩሮ የመላኪያ እንዲከፈል ተደነገገ።

የተማርኩት ትምህርት የሚለው እንዲህ ዓይነት የዋጋ ወለል ሸማቹን ይጎዳል ነው። አይዋሽም፤ ፈረንሳይ ውስጥ በሰፊው የሚሸጥ ልቦለድ የሚገዛ ሰው ከእንግሊዛዊው የሚያገኘው ቅናሽ ያንሳል። እኔ ግን ከፈረንሳዮቹ ጋር ነኝ። በፍጥነት የሚሸጠው መጽሐፍ ትርፍ ነው መደርደሪያ ላይ ስምንት ወር የምትቀመጠዋን የግጥም መጽሐፍ የሚሸከማት። ሱፐርማርኬቱ ፈጣኑን ብቻ ከወሰደ ግጥሟን ማን ያስቀምጣታል? መጀመሪያ የሚጠፋው ሱቁ አይደለም፤ ቀስ ብሎ የሚሸጠው መጽሐፍ ነው።

አሁን ወደ ጄምስ ዳውንት። ባንክ ሲሠራ የቆየ እንግሊዛዊ ነው። በ1990 ለንደን ውስጥ የራሱን መጽሐፍ ቤት ከፈተ፣ መጻሕፍቱንም በአገር ደረደራቸው። የአንድ አገር ልቦለድ፣ ታሪክና የጉዞ መምሪያ ጎን ለጎን። በ2011 ዋተርስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ ትልቁ የመጽሐፍ መደብር ሰንሰለት ሊወድቅ ሲል አንድ የሩሲያ ቱጃር ገዛውና ዳውንትን ሾመው። ሰውዬው ምን አደረገ? የጠረጴዛ ኪራዩን ለአሳታሚዎች «አልፈልግም» አለ። ለኪሳራ የቀረበ ድርጅት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ገቢ ሲገፋ አስቡት። ምርጫውን ለየቅርንጫፉ ሠራተኛ ሰጠ፤ የምታውቁት የሰፈራችሁን ሰው ነው፣ የሚገዛውን ምረጡለት ብሎ። ተመላሹ ቀነሰ፣ መደብሩ አተረፈ። በ2019 ኤልየት የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ባርነስ ኤንድ ኖብልን በ683 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ለእሱው አስረከበው። ለዓመታት ቅርንጫፍ ሲዘጋ የኖረው መደብር በ2024 ብቻ ከ50 በላይ አዳዲስ ከፈተ። ትልቁ ዓሣ የዳነው እንደ ትንሽ ዓሣ መዋኘት ሲማር ነው።

ሰውዬውን ግን ቅዱስ አናድርገው። ዋተርስቶንስ በትንንሽ ከተሞች ስሙን በር ላይ ሳይጽፍ፣ የከተማዋን ስም ብቻ ለጥፎ፣ የአካባቢው ሰው የከፈተው የሚመስል ሱቅ ከፍቶ ተይዟል። በ2019 ደግሞ ሠራተኞቹ ደመወዛችን ለኑሮ አይበቃም ብለው ፊርማ አሰባስበው ነበር። የመምረጥ ሙያ ያወጣው ትርፍ ለመራጮቹ ስንት ደረሰ የሚለው ጥያቄ ያለቀለት አይመስለኝም።

እኛ ጋስ? ባርነስ ኤንድ ኖብል የለንም፤ ይመጣል ብዬም አልሰጋም። አንድ እጅ ብቻ ሲመርጥ ምን እንደሚሆን ግን እናውቃለን። በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የመንግሥት ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በዚያው ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። የተረፈው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ነው የተነበበው።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ዳውንት የሠራውን ሥራ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው አለ፤ አዟሪው። ከእምብርቱ እስከ አገጩ መጽሐፍ ቆልሎ ካፌ ይገባል። ጠረጴዛው ጋ ከመድረሱ በፊት ያያችኋል። ጎረምሳ ከሆናችሁ ስለ ገንዘብና ስለ ስኬት የሚያወራውን ከላይ ያደርገዋል፤ ሸበቶ ከሆናችሁ ታሪኩን። ባለፈው ሳምንት የገዛችሁትን ያስታውሳል። «የሱ ሁለተኛው ቅጽ ወጥቷል» ይላችኋል። ብሔራዊ ትያትር አካባቢና ለገሃር መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡትም እንደዚያው ናቸው፤ ያልያዙትን ብትጠይቋቸው ጎረቤት ሮጠው ያመጡላችኋል።

የእኛዎቹ ተፎካካሪ ትልቅ መደብር አይደለም፤ ቴሌግራም ነው። ይሄ እናንተን ይመለከታል፣ እኔንም። አዟሪውን አስቁመን፣ አገላብጠን፣ «ስለምንድን ነው?» ብለን አስተንትነን፣ ሽፋኑን በስልካችን ፎቶ አንስተን «እመለሳለሁ» እንለዋለን። ከዚያ ፒዲኤፉ የተለጠፈበት ቻናል ፍለጋ። የእንግሊዙ ሱፐርማርኬት ቢያንስ 5 ፓውንድ አስከፍሏል።

በዚያ ላይ ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር የነካው ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል፣ የሱቅ ኪራዩም አብሮ ይወጣል። ብዙው ደራሲያችን ደግሞ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ለአከፋፋይ የሚያስረክብ ነው።

እንደ ፈረንሳይ ሕግ ባይኖረንም እኛም ጀርባ ሽፋን ላይ ዋጋ እናትማለን። አሁን አሁን ግን ያ ቁጥር ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል። በጥፍራችሁ ላጥ ብታደርጉት የድሮው ዋጋ ከሥር አለ፤ አንዳንዱ ላይ ሁለት ወረቀት ተደራርቧል። ባለ ሱቁን ብትጠይቁት መልስ አለው። ይሄን ሸጬ ሌላ የምገዛው በአሁኑ ዋጋ ነው ይላችኋል፣ ልክ ነው። ደራሲው ግን መጽሐፉን ያስረከበው ከሥር ባለው ቁጥር ከሆነ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ያለው ብር አይደርሰውም። እሱ ቀጣዩን መጽሐፍ ሊያሳትም ማተሚያ ቤት ሲሄድ የሚጠየቀው በአዲሱ ነው።