አስተርጓሚነት፦ ተረቱና እውነታው

ቋንቋ የሚቀናው ልጅ ባለበት ቤት ትንቢቱ አንድ ነው፦ «ወይ ጠበቃ ወይ ጋዜጠኛ ይሆናል።» መጥፎ ትንቢት አይደለም፤ ግን ጠባብ ነው። አርታኢውም፣ ማስታወቂያ ጸሐፊውም፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጁም እንጀራቸው ቋንቋ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን ብዙ ሰው ከሙያ የማይቆጥረው አስተርጓሚነት ነው።

«ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ማስተርጎም አያቅተውም» ይባላል። ያቅተዋል። አንዲት እናት አማርኛ የማይችል ሐኪም ፊት ቀርባ «ውጋት» ስትል፣ «ቁርጠት» ስትልና «ቁርጥማት» ስትል የምትናገረው ስለ ሦስት ሕመም ነው፤ አንዱ ጎን ሰቅዞ ይይዛል፣ አንዱ ሆድ ውስጥ ይጠማዘዛል፣ አንዱ መገጣጠሚያ ይበላል። እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ ሦስቱንም «ያማታል» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። «ምች መታኝ» ካለችማ ቃል ለቃል የሚመልሰው አያገኝም። የሰለጠነ አስተርጓሚ ግን በግምት የበሽታ ስም አይሰጥም፤ ቃሉ የባህል የሕመም ስም መሆኑን ለሐኪሙ ይነግርና ስለ ምልክቱ እንዲጠይቃት መንገድ ይከፍታል።

ልጅ የእናቱን የማህፀን ሕመም እንዲያስተረጉም ማድረግ ደግሞ በሁለቱም ላይ ጭካኔ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ሆስፒታሎች ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ሕፃናትን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፤ አማርኛ ተናጋሪውም በዚህ ሕግ አገልግሎት ያገኛል። በእኛም አገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። መብቱ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ያ ቋንቋ የሚቀናው ልጅ ሊሆን ይችላል።

«ሥራው ተናጋሪ ሰው ይፈልጋል» የሚለውም ስህተት ነው። የሚፈልገው አድማጭ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፦ «መድኃኒቱን ትናንት ማታ ከእራት በኋላ...» ወሰደችው ወይስ አልወሰደችውም? እስኪታወቅ ድረስ ሁሉን በልብ ይዞ መጠበቅ ነው። በስብሰባ ላይ እየሰሙ እኩል የሚያስተረጉሙ ባለሙያዎች በየሃያ ሠላሳ ደቂቃው የሚፈራረቁት አእምሮ ከዚያ በላይ ሲቆይ ስለሚደክም ነው።

ችሎት ውስጥ ደግሞ ተከሳሹ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» ሲል አስተርጓሚው «አልነበርኩም ይላል» አይልም። እሱም በሌላው ቋንቋ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» ይላል።