ማጠቢያውን ማን ያጥበው?

ቀኑን ሙሉ ሳሙና ሲነካ የዋለ ዕቃ በራሱ ንጹሕ ነው ብሎ የማያምን ቤት ጥቂት ነው። ሳህን የሚታጠብበትን ስፖንጅ፣ ጠረጴዛ የሚወለወልበትን ጨርቅ ማንም አይጠረጥርም፤ ጥርጣሬው ሁሉ የሚያርፈው ሽንት ቤቱ ላይ ነው። ሳሙና ግን ዋና ሥራው ቅባትንና ቆሻሻን ከዕቃው አላቆ ለውኃ ማስረከብ ነው፤ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። ውኃው ጠርጎ ያልወሰደው ስፖንጁ ውስጥ ይቀራል፤ እዚያም እርጥበት፣ የምግብ ትራፊና መሸሸጊያ ቀዳዳ ያገኛል። ኤንኤስኤፍ የተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 መኖሪያ ቤቶችን ሲፈትሽ፣ ኮሊፎርም የሚባሉትን፣ የሰገራ ንክኪ ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁሙ ባክቴሪያዎች ከ75 በመቶ በላይ በሚሆኑት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጆችና ጨርቆች ላይ አግኝቷል። በመታጠቢያ ቤት የቧንቧ እጀታዎች ላይ ግን የተገኙት በ9 በመቶው ብቻ ነበር።

«በረኪና ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?» የሚል ይኖራል። በረኪና ጀርም ይገድላል፤ ነገር ግን ኃይሉን አስቀድሞ የሚጨርሰው ስፖንጁ ውስጥ በተሰገሰገው ቅባትና ትራፊ ላይ ነው። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረጉት ሙከራ፣ ስፖንጅን በበረኪና ውሕድ፣ በሎሚ ጭማቂ ወይም በተራ ውኃ መዘፍዘፍ የገደለው ከ37 እስከ 87 በመቶ የሚሆነውን ባክቴሪያ ነው። 87 በመቶ ብዙ ይመስላል። ሆኖም ከአንድ ቢሊዮን 13 በመቶ ሲተርፍ 130 ሚሊዮን ነው፤ እርጥበቱና ምግቡ እስካለ ድረስ ደግሞ ቁጥሩን ለመተካት ቀናት አይፈጅበትም። በዚያው ሙከራ እርጥብ ስፖንጅን ለአንድ ደቂቃ ማይክሮዌቭ ውስጥ ማስገባት ባክቴሪያውን ከሞላ ጎደል ጨርሶታል (ደረቅ ስፖንጅ ግን እሳት ያስነሣል)። ይህም ቢሆን ዘላቂ አይደለም። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 ከተመረመሩት 14 ያገለገሉ ስፖንጆች መካከል ባለቤቶቻቸው አዘውትረን እናጸዳቸዋለን ያሏቸው ከሌሎቹ ያነሰ ባክቴሪያ አልተገኘባቸውም። እግረ መንገድ፦ ኃይል ይጨምራል ብሎ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ስለዚህ ጥያቄው ዕቃው በምን ታጠበ ብቻ ሳይሆን ከታጠበ በኋላ ደረቀ ወይ ነው። የኖርዌይ ተመራማሪዎች ስፖንጅንና የዕቃ ብሩሽን ሲያነጻጽሩ፣ ሳልሞኔላ በደረቀው ብሩሽ ላይ ሲሞት በስፖንጁ ውስጥ ግን ኖሯል። በዚህ ረገድ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ የሚሰጣው የድሮው ጨርቅ ከዘመናዊው ስፖንጅ የተሻለ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ጨርቁ ግን ሲንክ ውስጥ ተጨማዶ ካደረ ብልጫ የለውም። የወለል መወልወያም ባልዲው ውስጥ ተነክሮ ማደር የለበትም። የልብስ ማጠቢያ ማሽንስ ራሱን ያጥብ የለ? በ30 እና በ40 ዲግሪ ብቻ የሚሠራና በሩ ወዲያው የሚዘጋ ማሽን ጎማው ሥር ሻጋታ ያበቅላል። በሩንና የሳሙና መሳቢያውን ከፍቶ መተው፣ አልፎ አልፎም ባዶውን በ60 ዲግሪ ማሠራት ይበቃል።

«ይህ ሁሉ ጀርም ካለ እስካሁን ለምን አልታመምንም?» የሚለው ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። አብዛኛው ባክቴሪያ ጤነኛ ሰው አይጎዳም፤ በስፖንጅ መደንገጥም አያስፈልግም። አደጋው የሚመጣው ጥሬ ሥጋና ዶሮ ሲገቡበት ነው። ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ቢታጠብም ሳልሞኔላው አይጠፋም፤ የሚገድለው ሙቀት ነው። እጥበቱ ጀርሙን ወደ ሲንኩ ይረጫል፤ ሲንኩን የጠረገው ጨርቅ ደግሞ ወደ ሕፃኑ ጡጦ ያደርሰዋል። የዶሮ መክተፊያ ያጠባችሁበትን ስፖንጅ ለማዳን አትድከሙ፤ ጣሉት። ጨርቅ ከሆነም ሌላ ዕቃ ሳይነካ ቀቅሉትና አድርቁት።