ቀለምን በስሙ መጥራት፦ በቬክተር ሥዕል የአንድ ቀለም ለውጥ

የመመረቂያ ጥናቴን ባቀረብሁበት ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ ግድግዳው ላይ የተዘረጋውን የመሬት አጠቃቀም ካርታ ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ለመሆኑ ደኑ የቱ ነው? የተራቆተውስ መሬት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ደኑ በአረንጓዴ፣ የተራቆተው መሬት በቀይ ተቀብቶ ነበር። ጥያቄው ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልሁ። እርሳቸው ግን የምራቸውን ነበር፤ ቀይንና አረንጓዴን ለይተው ማየት አይችሉም። የጥናቱ ዋነኛ ግኝት በካርታው ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ ለእኚህ አንባቢ ግን አንዳች ነገር አልነገራቸውም።

ቀዩን በሰማያዊ እንድተካ ታዘዝሁ። ካርታው 214 ቀይ ቅርጾች ነበሩት። ሌሊቱን ሙሉ እያንዳንዱን በማውስ እየነካሁ ስቀይር አደርሁ። በማግሥቱ ግን በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈው 214 ሲሆን፣ በካርታው ላይ የተገኙት ሰማያዊ ቅርጾች 211 ብቻ ሆኑ። ሦስቱ ከቀይነታቸው አልተላቀቁም ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ያን ሌሊት ያለ ድካምና ያለ ስሕተት ለማሳለፍ ይቻል የነበረባቸውን መንገዶች ይመለከታል።

ሥዕሉ እንዴት ይቀመጣል?

ኮምፒዩተር ሥዕልን የሚያስቀምጥባቸው ሁለት ዋና ዋና ስልቶች አሉ። አንደኛው ቢትማፕ ሲሆን፣ ሥዕሉን ፒክስል በተባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም ይመዘግባል። ፎቶግራፍ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ቬክተር ይባላል። በዚህኛው ስልት የሚመዘገበው የቅርጹ መግለጫ ነው፤ ይኸውም ጠርዙ የሚያልፍባቸው ነጥቦች መጋጠሚያ፣ የዙሪያ መስመሩ ውፍረትና ቀለም፣ እንዲሁም የውስጡ ቀለም ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በቢትማፕ ላይ በቀይና በነጭ ድንበር የሚገኙት ፒክስሎች አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱ ድብልቅ ስለሚሆኑ፣ ቀዩ ሲለወጥ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ቅሪት ይታያል። በቬክተር ሥዕል ግን የውስጥ ቀለም ከቅርጹ ተለይቶ የተጻፈ አንድ ባሕርይ ነው። እርሱ ሲለወጥ ቅርጹ አይነካም፣ ጠርዙም አይበላሽም።

ቀለሙ ራሱ የሚጻፈው በቁጥር ነው። በተለመደው አሠራር ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ብርሃን ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 የሚደርስ መጠን ይሰጣል። በዚህም 16,777,216 የተለያዩ ቀለሞችን መጻፍ ይቻላል። ደማቅ ቀይ (255፣ 0፣ 0) ነው።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው የእኔ መንገድ ነው፤ አንድ በአንድ መነካካት። እስቲ በአንድ ቅርጽ ላይ የመሳሳት ዕድላችን ከመቶ አንድ ብቻ ነው እንበል። 214ቱንም ያለ ስሕተት የመጨረስ ዕድላችን 0.99 በራሱ 214 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው፤ ይህም ከመቶ 12 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ጠንቃቃ ሰው እንኳ በዚህ መንገድ መሳሳቱ አይቀርም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ ምርጫውን ለፕሮግራሙ መተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሶዲፖዲ ከተባለ ፕሮግራም ተገንጥሎ የተጀመረው ኢንክስኬፕ ማንም ሰው በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል የቬክተር ሥዕል ሶፍትዌር ነው። በእርሱ አንድ ቀይ ቅርጽ ከተመረጠ በኋላ ከማረሚያው ዝርዝር ውስጥ ተመሳሳይ የውስጥ ቀለም ያላቸውን እንዲመርጥ ማዘዝ ይቻላል። ወዲያው ሁሉም ይመረጣሉ፤ አንድ ጊዜ ሰማያዊን መንካት ብቻ ይቀራል። አዶቢ ኢሉስትሬተርም ተመሳሳይ ትእዛዝ አለው።

ነገር ግን ይህ መንገድ ሦስት ወጥመዶች አሉት። አንደኛ፣ ለዓይናችን አንድ የሚመስሉት (255፣ 0፣ 0) እና (254፣ 0፣ 0) ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ቀለሞች ናቸው። ሁለተኛ፣ በተቆለፈ ወይም በተደበቀ ንብርብር ላይ ያሉ ቅርጾች ሳይመረጡ ሊታለፉ ይችላሉ። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፣ ፕሮግራሙ ቀለምን እንጂ ትርጉምን አለማወቁ ነው። በእኔ ካርታ ላይ የጤና ኬላዎች ምልክትም ቀይ ነበር። ትእዛዙን ተጠቅሜ ቢሆን ኖሮ ጤና ኬላዎቹ ሁሉ ከተራቆተው መሬት ጋር አብረው ሰማያዊ በሆኑ ነበር። ስለዚህ ቀለሙን ከመለወጥ በፊት በመስኮቱ ግርጌ የሚታየውን የተመረጡ ቅርጾች ብዛት ከሠንጠረዡ ጋር ማመሳከር ይገባል።

ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ከፍቶ ቃል በቃል የሚተኩም አሉ። ኤስ ቪ ጂ የተባለው የቬክተር ፋይል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ጥምረት በደረጃነት የጸደቀ ሲሆን፣ ይዘቱ በተራ ጽሑፍ ይነበባል። ሆኖም በዚህ ፋይል ውስጥ አንዱ ቀይ በስሙ፣ በሦስት ቁጥሮች፣ በመቶኛ ወይም በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር ሊጻፍ ስለሚችል፣ አንዱን አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌሎቹን ይስታል።

ሦስተኛው መንገድ ሥራው ሳይጀመር የሚታሰብ ነው፤ ይኸውም ቀለምን በስም መመዝገብ ነው። «የተራቆተ መሬት» የሚል የቀለም ስም አንድ ጊዜ ይፈጠራል፤ 214ቱም ቅርጾች የቀለሙን ቁጥር በየራሳቸው ከመያዝ ይልቅ ወደዚህ ስም ያመለክታሉ። የጤና ኬላዎቹ ቀይ ደግሞ ሌላ ስም ይኖረዋል። ቀለሙ መለወጥ ሲያስፈልግ የሚለወጠው በስሙ ሥር የተጻፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ኢንክስኬፕ በስዎች፣ ኢሉስትሬተር በግሎባል ስዎች፣ ኮረል ድሮው በቀለም ስታይል ያከናውኑታል።

የሐሳቡ ምንጭ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዶክትሬት ዲግሪው ባቀረበው «ስኬችፓድ» በተባለ ፕሮግራም፣ ተጠቃሚው በብርሃን ብዕር በስክሪን ላይ ይሥል ነበር። አንድ ዋና ሥዕል ከተዘጋጀ በኋላ ቅጂዎቹን በየቦታው ማኖር ይቻል ነበር፤ ዋናው ሲታረም ቅጂዎቹ ሁሉ አብረው ይታረማሉ። በፕሮግራም አጻጻፍ የማይለዋወጥ እሴትን አንድ ጊዜ ሰይሞ በየቦታው በስሙ መጥራትም የዚሁ መርሕ ልጅ ነው።

ለማን ነው የምንቀባው?

ወደ ፈታኙ ጥያቄ እንመለስ። በዓይናችን ሬቲና ላይ ቀለምን የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። ከእነዚህ ረጅምና መካከለኛ የብርሃን ሞገድን የሚቀበሉት የሁለቱ ዘረመሎች በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ይገኛሉ። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው፣ ጉድለቱን የሚያካክስለት ሌላ ቅጂ የለውም። በመሆኑም ከሰሜን አውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ወንዶች መካከል ከመቶ 8 ያህሉ፣ ከሴቶቹ ግን ከ200 አንዷ ያህል ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራሉ።

ጃፓናውያኑ ማሳታካ ኦካቤና ኬይ ኢቶ ለአብዛኛው ዓይን የሚለዩ ቀለሞችን መርጠው አቅርበዋል። ከእነዚህ መካከል ሰማያዊ (0፣ 114፣ 178) እና ብርቱካናማ (230፣ 159፣ 0) ይገኙበታል። ከዚህም በላይ ቅርጹን በሰረዝ ወይም በነጥብ መለየት፣ ካርታው በጥቁርና ነጭ ሲባዛም ያገለግላል።

እንግዲህ ካርታ፣ ሥዕላዊ መግለጫ ወይም ግራፍ የምታዘጋጁ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ቅርጽ በፊት የቀለሞቻችሁን ስም ዝርዝር ጻፉ፤ ስሙም «ቀይ» ሳይሆን ቀለሙ የሚወክለው ነገር ይሁን። ቀለም ሊለወጥ ይችላል፤ የተራቆተው መሬት ግን በየትኛውም ቀለም ቢቀባ ያው የተራቆተ መሬት ነው። እኔም ሦስቱን የቀሩ ቅርጾች አርሜ፣ ስማቸውን ሰጥቼ ካርታውን መልሼ ይዤ ቀረብሁ። ፈታኙ ጥቂት ተመለከቱትና ጣታቸውን በደኑ ላይ አኖሩ።