ዝም ያለ ቀፎ ተኝቷል ማለት አይደለም

በሐምሌና በነሐሴ ቀፎ አጠገብ የቆመ ሰው ንቦቹ ተኝተዋል ብሎ ሊያስብ ይችላል። እኛም ቤት የሚባለው እንደዚሁ ነበር። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን አባቴ ጣሪያው ጥግ ሥር የሰቀላቸው ሦስት ባህላዊ ቀፎዎች ነበሩት። ስምንተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት አንደኛው ጭር አለ። «ተዉት፣ ተኝተው ነው» ተባለ። በመስከረም ሲከፈት ግን ንቦቹ ጭንቅላታቸውን ባዶው እንጀራ ውስጥ እንደደፉ ሞተው ተገኙ። አባቴም «ብርድ ፈጃቸው» አለ። እውነት የፈጃቸው ብርድ ነው ወይ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ማስረዳት ነው።

እርግጥ ነው፣ በብርድ ወራት የሚተኙ ነፍሳት አሉ። ለምሳሌ ያህል ጉንዳንን እንውሰድ። እንደ አውሮፓ በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ብዙ የጉንዳን ዝርያዎች መሬት ውስጥ ጠልቀው፣ ሳይንቀሳቀሱና ይህ ነው የሚባል ምግብ ሳይበሉ ወራት ይቆያሉ። እዚያ ጉንዳንን በመስታወት ዕቃ ውስጥ እንደ ቤት እንስሳ የሚያኖሩ ሰዎች እንኳ ይህ ዕረፍት እንዳይቀርበት ብለው መንጋውን ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ፍሪጅ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት ያስቀምጡታል። ነገሩ ያስቃል፣ ግን እውነት ነው።

ንብ ግን እንደዚህ አታደርግም። ቅዝቃዜው ወደ 14 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ንቦች ተጠጋግተው እንደ ኳስ ይከማቻሉ። ንግሥቲቱ፣ ማለትም እኛ «አውራ» የምንላት፣ መሃል ትሆናለች። ሠራተኞቹ ክንፋቸውን ሳያራግቡ የክንፋቸውን ጡንቻ ብቻ እያንቀጠቀጡ ሙቀት ይፈጥራሉ። እጭ ካለ መሃሉ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ መሆን አለበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሙቀት ከየት ይመጣል? ከማር ነው። ለንብ ማር ማለት ለእኛ ማገዶና እንጀራ አንድ ላይ እንደማለት ነው።

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በክረምት ዝናቡና ጉሙ ንብን ከደጅ አያስወጣም፤ አበባ ቢኖርም ዝናቡ ያጥበዋል። አደይ አበባ እስኪፈነዳ ድረስ መንጋው የሚኖረው ባስቀመጠው ስንቅ ነው። እኛ ደግሞ ያንን ስንቅ በሰኔ ጠራርገን ቆርጠነው ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ ነበረብን፣ ማሩ ተሸጦ ተከፈለ። እንግዲህ ንቦቹን የፈጃቸው ረሃብ ነው፤ ብርዱ ረሃቡን አፋጠነው እንጂ ብቻውን አልገደላቸውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ክረምት ሲቃረብ ማሩን ሁሉ አለመቁረጥ ነው። ሁለተኛ፣ ቀፎውን በእጅ ከፍ አድርጎ መመዘን ይጠቅማል፤ ከቀለለ ርቧቸዋል። በዚህ ጊዜ ስኳርን በእኩል ውኃ አሟሙቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ዘርዘር ባለ ሰሃን ላይ ጭድ ጣል አድርጎ ማቅረብ ነው። ጭዱ ንቦቹ እንዳይሰምጡ መቆሚያ ይሆናቸዋል። የሌላ ቀፎ ንቦች መጥተው እንዳይዘርፉ ምሽት ላይ ቢሰጥ ይመረጣል። በሶ ወይም ሽሮም በአገራችን የተለመደ የንብ መኖ ነው። ሦስተኛ፣ ቀፎውን በእበት መምረግ፣ ከላይ ዝናብ የማያሳልፍ ክዳን ማልበስና መግቢያውን ማጥበብ ያስፈልጋል። በመጨረሻም መሬት ላይ በእንጨት የቆመ ቀፎ ከሆነ እግሩ ሥር አመድ መነስነስ ጥሩ ነው። ምክንያቱም የእኛ አገር ጉንዳን ፍሪጅ የሚገባ ሳይሆን ቀፎ የሚወር ነው።

አባቴ አሁን በሰኔ ሲቆርጥ «ይህቺ የእነሱ ናት» እያለ የተወሰነ እንጀራ ይተዋል። እኔም ከዚያ ቀፎ የተማርኩት አለ። አንድ ነገር ሲሞት መጀመሪያ የሚነገረው ምክንያት ሁልጊዜ ትክክለኛው አይደለም። ዘጋቢ ለመሆን ለምንማር ሰዎች ደግሞ «ብርድ ነው» ተብሎ ሲነገረን፣ ማሩን ማን ወሰደው ብሎ መጠየቅ ሥራችን ነው።