የዛፍ ሽታ ወዴት ይሄዳል?

በቀትር ፀሐይ በባሕር ዛፍ ወይም በጥድ ደን ውስጥ ያለፈ ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል። ይህ ሽታ ከቅጠሉ ተንኖ ወደ አየር የሚወጣ ዘይት ነው። አላፊ አግዳሚው ነፋስ ወሰደው ይላል እንጂ ከዚያ ወዲያ የት ደረሰ ብሎ አይጠይቅም።

ጥያቄውን አጥብቀው ከያዙት አንዱ በሆላንድ አገር የተወለዱት የዕፀዋት ሊቅ ፍሪትስ ዌንት ናቸው። እኒህ ሊቅ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፥ ደን በለበሱ ተራሮች ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጭጋግ ከዕፀዋት የወጣ ትነት በአየር ላይ ተለውጦ የሚሠራው ረቂቅ ብናኝ ነው ሲሉ አስረዱ። ብናኙ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ይልቁን ሰማያዊውን ይበትናል። በአውስትራሊያ «ሰማያዊ ተራሮች» የሚባሉት ስማቸውን ያገኙት ከዚህ መልክ ሲሆን፥ የለበሱትም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውን የባሕር ዛፍ ወገን ነው።

ለውጡ እንዴት ይሆናል? ከጥድ መሰል ዛፎች የሚወጣውን አልፋ ፓይኒን የተባለ ቅመም እንውሰድ። አንዱ ሞለኪውል 10 የካርቦንና 16 የሃይድሮጂን አቶሞች ብቻ ስላሉት በቀላሉ ይተናል። በአየር ላይ ግን ኦዞን ያገኘውና በካርቦኖቹ መካከል ያለውን ድርብ ማሰሪያ ይበጥስበታል። ብረት ሲዝግ ኦክሲጅን እንደሚጨመርበት፥ በዚህም ላይ ይጨመርበታል። የሚያስደንቀው ግን ፍጥነቱ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ምርመራ እንደ ተገለጸው፥ የተበጠሰው ሞለኪውል አንድ ጊዜ ከተነሣ ራሱ በራሱ ከአየር ኦክሲጅን እየደጋገመ ይስባል፤ ወዲያውም 7 ወይም 9 የኦክሲጅን አቶም ተሸክሞ ይገኛል። እንዲህ የተለወጠ ነገር ዳግመኛ መትነን አይሆንለትም፤ ከብጤው ጋር ይጣበቃል፥ ወይም ባገኘው ብናኝ ላይ ይለጠፋል። ሊቃውንት ኤሮሶል የሚሉት ይህ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ ነው።

በፊንላንድ አገር ሂውቲያላ በተባለ ደን ውስጥ ይህ ልደት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለማቋረጥ ሲለካ ቆይቷል። በጸደይ ወራት ፀሐይ በወጣበት ቀን ብናኙ ከቀትር በፊት ይወለዳል፤ ሲወለድ ስፋቱ ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ እምብዛም አይበልጥም፤ እስከ ማታም ሲያድግ ይውላል። የሚሊሜትር አንድ ዐሥር ሺኛ ያህል ሲሆን የውሃ ትነት ይሰፍርበታል። ደመና የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ትነት መቀመጫ ካላገኘ ጠብታ ለመሆን ይቸገራልና።

ብናኙ እንዲወለድ ከከሰል ጢስም ሆነ ከእሳተ ገሞራ የሚመጣ ሰልፈሪክ አሲድ የግድ ያስፈልጋል ተብሎ ለብዙ ጊዜ ታምኖ ነበር። በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል 26 ሜትር ኩብ በሚይዝ የብረት ጋን ውስጥ የተደረገው ፈተና ግን፥ የዛፍ ትነትና ኦዞን ብቻቸውን እንደሚበቁ በ2016 እ.ኤ.አ. አሳየ። ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የፋብሪካ ጢስ ደመናን እያነጣ የምድርን ሙቀት በከፊል ይሸፍናል፤ ምን ያህል እንደሚሸፍን ለማወቅ ፋብሪካ ያልነበረበትን ሰማይ ማወቅ ያሻል። ያ ሰማይ ከተገመተው ይልቅ ብናኝ የበዛበት ከነበረ፥ የጢሱ ማቀዝቀዝ ከታሰበው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ለከተማ አስተዳዳሪም ጉዳይ አለው። በአሜሪካ የአትላንታ ከተማ አየር ተመርምሮ በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣው ጽሑፍ፥ የዛፍ ትነት ከመኪና ጢስ ጋር በፀሐይ ሲገናኝ ለጤና የማይበጅ ኦዞን እንደሚያበዛ፥ ስለዚህም የቤንዚን ትነትን መቀነስ ብቻ እንደማይበቃና ከመኪናና ከኃይል ማመንጫ የሚወጣውን የናይትሮጂን ኦክሳይድ መቀነስ እንደሚያስፈልግ ታየ። ዛፉ ይቆረጥ ማለት ነው ብሎ የሚተረጉም ቢኖር ነገሩን ገልብጦታል፤ ጢሱ ባይኖር ይህ ኦዞን እንዲህ ባልበዛ ነበርና። ሆኖም የዛፍ ዓይነት ይለያያል፤ አንዱ እጅግ ብዙ ሲያወጣ ሌላው ጥቂት ነው። አዲስ አበባን የከበበው ባሕር ዛፍ ብዙ ከሚያወጡት ወገን ሲሆን፥ ከሥሩ የሚያልፈው መኪናም ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መጥቷል።