እርቁ ወርዶ ካሳው ሲቀር

 

የሰሊጥ ወቅት ሲደርስ ከአዘዞ በሳንጃ በኩል ወደ ሁመራ የሚዘልቀው መንገድ በአይሱዙ ይሞላል። እኛ ሳንጃ ስናስተምር የአንድ የምናውቃቸው አባት መኪና በዚህ መንገድ ሰው ገጭቶ ገደለ። ሹፌሩ ልጃቸው ነበር። አባትየው አልሸሹም። ለቅሶ ደረሱ፤ ሽማግሌ ላኩ፤ «ጥፋቱ የልጄ ነው፤ ካሳውን እከፍላለሁ» ብለው ታረቁ። ሁለቱ ቤተሰቦች ዱዓ አድርገው ተለያዩ። ደም እንዳይፈላለግ የሚያደርግ መልካም ወግ ነው።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። የእርቁን ወረቀት ይዘው ወደ ኢንሹራንሳቸው ሲሄዱ «ሳያማክሩን ጥፋቱን አምነው ገንዘብ ተስማምተዋል፤ ውሉ ይህን ይከለክላል» ተባሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። ቀጠሮው ሲራዘም አባትየው ቃላቸውን ላለማጠፍ ከብቶቻቸውን ሸጡ።

ለመሆኑ ኩባንያው ይህን የሚለው ለምንድን ነው? ካሳውን የሚከፍለው እርሱ ከሆነ ጥፋቱን መርምሮ የመከራከር መብት አለኝ ስለሚል ነው። በብዙ ፖሊሲዎች ላይ ይህ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። እኛ ግን ፈርመን ወደ ሣጥን እንከታለን!

በ1952 ዓ.ል የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ኢንሹራንስ ሰፊ ምዕራፍ አለው። በቸልተኝነት የደረሰ አደጋ ይሸፈናል፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ግን አይሸፈንም። አደጋው መድረሱን ካወቁ በ5 ቀን ውስጥ ለኩባንያው ማስታወቅ ያስፈልጋል። ከውሉ የሚመነጭ ክስም በ2 ዓመት ይታገዳል። ሽምግልናው ሲጓተት ይህ ጊዜ የሚያልፍባቸው ጥቂት አይደሉም። በ2000 ዓ.ል በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ደግሞ ለተጎዳው ሰው እንጂ ለራሳችን መኪና አይደለም። ይህን ባለማወቅም ብዙ ሙግት ይነሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለቅሶ መድረስ፣ ቁስለኛን ማሳከም፣ ይቅርታ መጠየቅ አይቅር። ሆኖም ሽማግሌዎች በገንዘብ ከመነጋገራቸው በፊት ለኩባንያው በጽሑፍ እናስታውቅ፤ ደረሰኝ እንቀበል፤ ተወካዩም በእርቁ ላይ እንዲገኝ እንጠይቅ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ቅጂ በእጃችን ይኑር።

ከሁሉ በላይ እውነቱን እንናገር። «በጭነቱ ላይ ሰው አልነበረም በል»፣ «መንጃ ፈቃድ ያለው ወንድምህ ነው የነዳው በል» የሚል መካሪ አይጠፋም። ይህ ውሉንም አማናንም ማፍረስ ነው።

እ.ኤ.አ በ2020 የብሔራዊ ባንክ መመሪያ በመውጣቱ በአገራችን ተካፉል ተፈቅዷል፤ በወለድና በገረር ለሚጨነቅ ቤተሰብ እፎይታ ነው። ተካፉልም ቢሆን ውል ነውና ይነበብ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ ያዘዘው ሙግት እንዳይኖር አይደለምን?

በስሕተት ነፍስ ላጠፋ ሰው ሱረቱ አን-ኒሳእ 92 ከካሳው ሌላ ከፋራ ደንግጓል። ኢንሹራንስ ገንዘቡን ይከፍል ይሆናል፤ ጾሙን ግን አይጾምልንም። ስለዚህ ዑለሞችን እንጠይቅ።

አላህ ከአደጋ ይጠብቀን። ወሏሁ አዕለም።