በኮራል ሪፍ ላይ የሚታዩ ቅርፊት መሰል ቀይ አልጌዎችን መለየት

በካሪቢያን ባሕር ሪፎች ጥናት የሚያካሂዱ ጠላቂዎች፣ በአለትና በኮራል ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፈው የሚያድጉ ቀይ አልጌዎችን ያገኛሉ። አልጌዎቹ ለዓይን ቢመሳሰሉም በሪፉ ላይ የሚያስከትሉት ውጤት ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ኮራላይን የተባሉት አልጌዎች የተሰባበረውን የሪፍ አካል እንደ ሲሚንቶ ያያይዛሉ፤ አንዳንድ ዝርያዎቻቸውም ተንሳፋፊውን የኮራል እጭ በኬሚካዊ ምልክት ስበው እንዲያርፍ ያደርጋሉ። በፔይሶኔሊያሴ ቤተሰብ የሚመደበው ራሚክረስታ በአንጻሩ ሕያው ኮራልን ከጠርዙ ጀምሮ እየሸፈነ ይገድላል። በጃማይካ የተገኘው ራሚክረስታ ቴክስቲሊስ በሳይንሳዊ መግለጫ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ የዚሁ ወገን አልጌዎች በቦኔር፣ በፖርቶ ሪኮና በቨርጂን ደሴቶችም ተመዝግበዋል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ስም የሚቆጥር የዳሰሳ ጥናት፣ የሪፉን መጎዳት እንደ ማገገም ሊተረጉመው ይችላል።

በመስክ የመጀመሪያው መለያ ቀለም ነው። ኮራላይኖች በአብዛኛው ከሮዝ እስከ ሐምራዊ ሲሆኑ፣ ራሚክረስታ ከቢጫማ ቡኒ እስከ ጥቁር ቀይ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ውሃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ስለሚውጥ፣ ያለ ሰው ሠራሽ ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ ያሳስታል። ሁለተኛው መለያ የመራቢያ አካል ነው፤ ፍሬያማ በሆነ ኮራላይን ላይ ስፖር የሚወጣባቸው ቀዳዳ ያላቸው ጥቃቅን ጉብታዎች በእጅ ማጉያ መነጽር ይታያሉ። ጉብታ አለመታየቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ናሙናው የመራቢያ ወቅቱ ያልደረሰ ኮራላይን ሊሆን ይችላልና።

በቤተ ሙከራም ናሙናው በአሲድ መፍላቱ አይለየውም፤ የሁለቱም አካል ካልሲየም ካርቦኔት ይዟልና። የሚለያዩት በማዕድኑ ዓይነት ነው፤ ኮራላይኖች ካልሳይት ሲያከማቹ የፔይሶኔሊያሴ አባላት አራጎናይት ያከማቻሉ። ዝርያውን ለመወሰን ደግሞ የሕዋሳቱን አደረጃጀት በማይክሮስኮፕ መመርመርና የዘረመል ቅደም ተከተልን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

በመሆኑም ጠላቂው አልጌውን በበቀለበት ስፍራ፣ ከመለኪያ ጋር፣ በሰው ሠራሽ ብርሃን ፎቶግራፍ ሊያነሣ፣ ጥልቀቱንና የተለጠፈበትን አካል ሊመዘግብ ይገባል። በፈቃድ ከሚወሰደው ናሙና ከፊሉ ለዘረመል ምርመራ በሲሊካ ጄል ይደርቃል፤ ከፊሉ ለማይክሮስኮፕ በፎርማሊን ይቀመጣል። ናሙና በማይገኝበት ጊዜ፣ በግምት የዝርያ ስም ከመስጠት ይልቅ ማስረጃው በሚፈቅደው የምደባ ደረጃ መመዝገብ ይመረጣል።